ዋኘው ራሱን ሲክድ

ባሌ ዋኘው እንጅባራ ከተማ ውስጥ ከቀርከሃ ወንበርና አልጋ እየሠራ የሚኖር ሰው ነው። እጁ የተባረከ ነው፤ ይህን የምለው ሚስቱ ስለሆንሁ አይደለም፤ እሱ የሠራው ወንበር ላይ የተቀመጠ ሁሉ ይመሰክርለታል። ድምፁም መልካም ነው። ጣጣው የመጣው ድምፁ መልካም መሆኑን ሰዎች የነገሩት ጊዜ ነው።

በሁለት ሺህ ሰባት ዓመተ ምሕረት «ካድሁት ራሴን» የሚል መዝሙር አወጣ። ክብሬን ተውሁ፣ ስሜን ጣልሁ፣ ራሴን ካድሁ፣ ከእንግዲህ ጌታ እንጂ እኔ አልታይ የሚል ነው። በአጥቢያችን መጀመሪያ የዘመረው እሁድ፣ እውነቱን ለመናገር፣ እኔም አልቅሻለሁ። የኳየሩ ሰዎች በስልካቸው ቀዱት፤ በሜሞሪ ካርድ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ፤ ወር ሳይሞላ ከዳንግላ እስከ ጥሊሊ ያለ ባጃጅ ሁሉ ባሌ ራሱን መካዱን ጮክ አድርጎ ያሰማ ጀመር።

ዋኘው ራሱን እንዲህ ከካደ በኋላ ከራሱ በቀር የሚያወራው አጣ። የሥራ ቦታው ታፔላ ላይ «ዋኘው የቀርከሃ ሥራ» ይል የነበረው ተፍቆ «ዘማሪ ዋኘው የቀርከሃ ሥራ» ተባለ። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ከሩቅ የሚያብለጨልጭ ጨርቅ ገዝቶ መጥቶ ኮት ስፊልኝ አለኝና ሰፋሁለት። አልጋ ያዘዘ ደንበኛ መጥቶ «አልጋዬስ?» ሲለው፣ ዓይኑን ጨፍኖ «ተባረክ» ይለዋል። ደንበኛው ተባርኮ ይሄዳል፤ መሬት ላይ መተኛቱንም ይቀጥላል።

ትሕትናው ደግሞ ሌላ ጉድ ነበር። እሁድ እሁድ ከጉባኤው ሁሉ ኋላ፣ በር ሥር ባለችው አግዳሚ ላይ ይቀመጣል። ሐሳቡ ለእኔ ግልጽ ነው። ጉባኤውን የሚመሩት ሽማግሌ አቶ ቢሻው ያዩትና «ወንድማችን ዋኘው፣ ኧረ ወደ ፊት ና» ይሉታል፤ እሱ ሦስት ጊዜ እምቢ ይላል፤ በአራተኛው አንገቱን ደፍቶ፣ በመካከሉ መንገድ ቀስ ብሎ፣ ሰው ሁሉ እያየው ወደ ፊት ይመጣል። ሁለት ወር እንዲህ ሆነ። በጥር አንድ እሁድ ግን አቶ ቢሻው መነጽራቸውን ቤት ረስተው መጡ። ዋኘው በዚያ የእንጅባራ ብርድ በር ሥር ተቀምጦ ጠበቀ፤ የሚጠራው የለም። ማሳል ጀመረ። ያልታየ መስሎት አንድ ጊዜ ብድግም ብሎ ተቀመጠ። በመጨረሻ አቶ ቢሻው ሳሉን ሰሙና «በር ሥር የተቀመጥህ እንግዳ ወንድም፣ እባክህ በሩን ዝጋልን» አሉት። ሳምንቱን ሙሉ ጉንፋን ይዞት ተኛ። እኔም አጥሚት እያቀረብሁለት ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ስስቅ ከረምሁ።

አሁን ስለ እናቱ ልናገር፤ ነገሩ ሁሉ የሚዞረው ወደ እሳቸው ነውና። እማማ እመቤት የሚኖሩት ዘንገና ሐይቅ አጠገብ ነው፤ ድንችና ገብስ የሚያመርቱ፣ በአውኝኛ የሚቆጡ፣ በአማርኛ የሚያስታርቁ የኦርቶዶክስ ምእመን ናቸው። ዋኘው ከዚህ ሁሉ ነገር ዘጠኝ ዓመት ቀደም ብሎ ወደ እኛ ወደ ወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን የመጣ ጊዜ አገሩ ሁሉ «የእመቤት ልጅ ካደ» አለ። ካደ ማለት በዚያ ሰፈር ቀላል ቃል አይደለም። ከሐዲ የተባለ ሰው ለቅሶ ቢደርስ እንኳ የሚጠጋለት የለም። ከሁሉ የባሰው ጎረቤታቸው አያ ውዱ ነበሩ፤ በየማኅበሩ፣ በየገበያው ይህንኑ ያነሣሉ።

እማማ ግን አልተረቱም። «ልጄ የሚጸልይበትን ቤት ለወጠ እንጂ አልካደም። እኔን ይጠይቃል፣ ማሳዬን ያርማል፣ የአባቱን ስም ያነሣል። ይህ ነው የሚክድ?» እያሉ ዘጠኝ ዓመት ብቻቸውን ተሟገቱ። ማዘናቸውን ለእኛ ነግረውን አያውቁም። ለእሱ እናት፣ ለአገሩ ጠበቃ ሆነው ኖሩ።

መዝሙሩ የወጣ ጊዜ አያ ውዱ ግምጃ ቤት በምትባለው ከተማ ገበያ ላይ ከአንድ ባጃጅ ሰምተውት ኖሮ እየሮጡ መጥተው «ይኸው በገዛ አፉ ካድሁ አለ» አሏቸው። እማማ በማግሥቱ እኔ ዘንድ መጥተው ነገሩን ጠየቁኝ። ራስን መካድ ማለት ክብሬ፣ ጥቅሜ፣ እኔ እኔ ማለትን መተው እንደሆነ አስረዳኋቸው። ትንሽ አሰቡና «እንዲያ ከሆነ ደግ ነገር ነው፤ ከባድም ነው» ብለው ሄዱ። ከዚያ ወዲህ ለዘንገና ሰው መዝሙሩን የሚፈቱት እሳቸው ሆኑ።

በተከታዩ ዓመት ሚያዝያ ላይ ከአዲስ አበባ ስልክ ተደወለ። «ከትቢያ የተነሡ» የሚል የቴሌቪዥን ዝግጅት አለ፤ እሁድ እሁድ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከገጠር የመጡ ትሑታን ዘማሪዎችን ያቀርባል። እኔ ሳላለቅስበት የዋልሁበት እሁድ የለም። አዘጋጁ ዮናዳብ የሚባል ወጣት ነው፤ ትሑቱን ዘማሪ ዋኘውን ልንቀርጽ እንመጣለን አለ። ዋኘው ስልኩን ዘግቶ የቀርከሃ ክምር ላይ ተቀመጠ፤ «ማናየሽ፣ ጌታ አየኝ» አለ። ጌታ ሳይሆን ዮናዳብ ነው ያየህ ልለው ነበር፤ ግን የእኔም ልብ ዘሎ ነበር።

ዮናዳብ ከአንድ ካሜራ ያዥ ጋር አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ደረሰ። ልጁ ክፉ አይደለም፤ ሰላምታው ሞቅ ያለ ነው። ቤታችን ሲገባ ግን ፊቱ ቀዘቀዘ። ሲሚንቶውን አየ፤ ፍሪጁን አየ፤ ሶፋውን፣ ቴሌቪዥኑን አየ።

«ወንድም ዋኘው፣ ይህ ቤት ምስክርነት የለውም» አለ።

ፍሪጁን ብናወጣውስ ብሎ ዋኘው ጠየቀ። ዮናዳብ ሲሚንቶውንም ማውጣት ሊኖርብን ነው አለ። ያኔ ዋኘው የተወለደበትን የእናቱን የሣር ቤት አነሣለት፤ ዮናዳብም ሊያቅፈው ምንም አልቀረው። በማግሥቱ ከአምልኮ በኋላ እዚያ እንዲቀረጽ ተስማሙና ለእማማ ስልክ ተደወለ። ከዚያ ዮናዳብ የዋኘውን ልብስ መረመረ። የሚያብለጨልጨውን ኮት አውርዶ አየና መልሶ ሰቀለው። ግራጫ ሱሪውን አንሥቶ ጉልበቱ ላይ መጣፊያ ቢኖረው እንደሚሻል ነገረኝ።

ሱሪው አልተቀደደም። እኔ ሃያ ዓመት የተቀደደ ስጥፍ የኖርሁ ሴት ነኝ፤ ደህና ሱሪ ስጥፍ ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው። የስፌት መኪናዬ ፊት ተቀምጬ፣ ባሌ አጠገቤ ቆሞ «ትንሽ ሰፋ አድርጊው» እያለኝ፣ ደህናውን ጨርቅ በአሮጌ ጨርቅ ሸፈንሁት። ደስ አላለኝም። ግን ጣፍሁት፤ የኔም ጥፋት ስለሆነ ነው የምነግራችሁ።

እማማ እመቤት ደግሞ በበኩላቸው ቅዳሜን ቁጭ ብለው አልዋሉም። ግድግዳውን እንደ አዲስ ለቀለቁት፤ ወለሉን አበጁ፤ ከእድር ስምንት ፕላስቲክ ወንበር አስመጡ፤ ጠረጴዛ ላይ የአበባ ሥዕል ያለው ላስቲክ አነጠፉ። የአያ ውዱን ፈረስ ከነሙሉ የበዓል ጌጡ አስመጡ፤ የአዊ ፈረስ ሲያጌጥ ያየ ሰው ምን ማለቴ እንደሆነ ያውቀዋል። ጥልፍ ቀሚሳቸውን ለበሱ። ከዚያ ለሰፈሩ ሁሉ ላኩበት። ለአያ ውዱ ያሉት ለብቻው ነበር፦ ነገ መጥተህ ቁም፣ ልጄ ይካድ አይካድ በገዛ ጆሮህ ትሰማለህ።

እሁድ ስንደርስ ሠላሳ የሚሆን ሰው ግቢው ውስጥ ቆሞ ይጠብቃል። ዮናዳብ አንድ ጊዜ ዙሪያውን አየና ራሱን ያዘ። ወንበሮቹ ወጡ። ላስቲኩ ተነሣ። ግድግዳው በጣም አዲስ ስለሆነ ጥቂት ጭቃ እንዲረጭበት ጠየቀ፤ እማማ ግን ያልገባቸው መስለው ፈገግ ብለው አለፉት። ፈረሱ ጋ ሲደርስ ቆመ። «ይህ ፈረስ ከዘማሪው በልጦ ይታያል፤ ጌጡ ቢወልቅ» አለ። አያ ውዱ ፈረሴን ራቁቱን በቴሌቪዥን አላሳይም አሉ። ክርክሩ ሩብ ሰዓት ፈጀ፤ በመጨረሻ ፈረሱ በክብሩ እንደተሸለመ ከካሜራው ኋላ እንዲቆም ተወሰነ።

ቀጥሎ ዮናዳብ የእማማን አንገት አየ። ማተባቸው ላይ ትልቅ የብር መስቀል አለ። ዋኘውን ወደ አጥሩ ጠጋ አድርጎ ያናገረውን እኔ ሰምቻለሁ። ተመልካቹ ጥያቄ ያበዛል፣ ቤተሰቡን ባናነሣ ለመዝሙሩ ይሻላል ነው ያለው። ዋኘው ወደ እናቱ ዞር ብሎ አየ፤ ከዚያ እሺ በሚል ራሱን ነቀነቀ። እኔ ምን አደረግሁ? እማማን ክንዳቸውን ይዤ ከፈረሱ አጠገብ አቆምኋቸው። ተራዎ ኋላ ይደርሳል አልኋቸው። እሳቸውም ጥልፋቸውን አስተካክለው ተራቸውን ይጠብቁ ጀመር።

ዋኘው የተጣፈ ሱሪውን ለብሶ፣ ጫማውን አውልቆ፣ በሩ ላይ ተቀመጠ። ዮናዳብ ረጋ ባለ ድምፅ ጠየቀው፤ እንዴት አደግህ? ማን አሳደገህ?

ዋኘው መልሱን አስቦበት አልነበረም፤ ይህን ዛሬም አምንለታለሁ። ቤተሰብ አታንሣ ተብሏል፣ ካሜራው ዓይኑ ላይ ተተክሏል፣ ድምፁ መንቀጥቀጥ ጀምሯል፤ ድምፁ ሲንቀጠቀጥ ደግሞ ራሱ ይወደዋል።

«እኔ ማንም የለኝም» አለ። «እናት አባት ሳላውቅ በሰው ደጅ የወደቅሁ ነኝ። እናቴም አባቴም ጌታ ብቻ ነው።»

ካሜራ ያዡ ዓይኑን በክንዱ ጠረገ። የሚገርመው የዋኘውም እንባ የእውነት ነበር፤ እናት የሌለውን ያን ሰውዬ አዘነለት። በዚያው እንባ «ካድሁት ራሴን» ብሎ ጀመረ፤ እንዲያ አድርጎም ዘምሮ አያውቅም።

እኔ እማማን ለማየት አልደፈርሁም፤ አያ ውዱን አየሁ። ዘጠኝ ዓመት የተሟገቱበትን ነገር ረትተዋል። ግን አንገታቸውን ደፍተው የፈረሱን ልጓም ያፍተለትላሉ።

እማማ መዝሙሩ እስኪያልቅ ታገሡ። ጸሎት የሚያቋርጡ ሴት አይደሉም። ካለቀ በኋላ በካሜራው ፊት አልፈው ልጃቸው ፊት ቆሙ። አልጮኹም።

«ዋኘው ልጄ፣ ካደ ሲሉኝ አልካደም ስል ዘጠኝ ዓመት ኖርሁ። ራሴን ካድሁ ያልኸውንም እኔ ነኝ ለሰው የፈታሁልህ። ለካ የካድኸው ራስህን አይደለም፤ እኔን ኖሯል።»

ከዚያ ወደ ሕዝቡ ዞረው ምሳ እንዳይቀዘቅዝ ግቡ አሉ።

ከምሳ በኋላ ዋኘው ፊቱ አመድ መስሎ እንደገና እንቅረጽ፣ እናቴ አጠገቤ ትቀመጥ አለ። ዮናዳብም እሺ አለ። የተበደሉ እናት እምቢ ይላሉ ብዬ ነበር፤ እማማ ግን ነጠላቸውን አስተካክለው መጥተው ተቀመጡ። እስካሁን ሳስበው የሚያስቀኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ዮናዳብ በልጅነትህ ስንት ቀን ጦምህን አድረሃል ብሎ ጠየቀ። እማማ የማን ልጅ ነው ጦሙን የሚያድር፣ በዚህ ቤት ድንች ጠፍቶ ያውቃል ወይ ብለው መለሱለት። ትምህርት በችግር ምክንያት አቋረጠ ወይ ሲባል፣ አይ፣ ሒሳብ እምቢ ብሎት ነው አሉ። በመጨረሻ እጃቸውን የልጃቸው ጉልበት ላይ አሳረፉና መጣፊያውን በጣታቸው ዳሰሱት። «ማናየሽ፣ ይህ ሱሪ ከሥሩ ደህና ነው እኮ፤ ምን ሆነሽ ጣፍሽው?» አሉኝ። ካሜራው ወደ እኔ ዞረ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ።

ዮናዳብ ዕቃውን እየሸከፈ ይህኛው ለምንም እንደማይሆን፣ የመጀመሪያው ግን ሕዝብ የሚያለቅስበት መሆኑን ነገረን። ከሦስት እሁድ በኋላ ይተላለፋል አለ። ዋኘው ተው ማለት ጀምሮ ነበር፤ ሳይጨርሰው መኪናዋ ተነሣች።

ያን ሳምንት ባሌ አልዘመረም። ዓይኑን ሳይጨፍን ደንበኛ አነጋገረ፤ ሁለት አልጋም ጨረሰ። ረቡዕ ቀን ቀርከሃ ሲልግ ቆይቶ ድንገት ስልኩን አንሥቶ ለዮናዳብ ደወለ። እኔ ክር ላቀብለው እንደመጣሁ መስዬ አጠገቡ ቆምሁ። ያን ቃል አጥፋው አለው። ዮናዳብ ቃሉ ከወጣ የሚተርፍ ነገር የለም ብሎ ረጅም ነገር ተናገረ፤ አዲስ አበባ ላይ ትልቅ ጉባኤ አለ፣ አልበም ሊያወጡልህ የሚፈልጉ ሰዎች አሉ፣ ይህ በር ሁለተኛ አይከፈትም። ዋኘው መላጊያውን አስቀመጠ። ለረጅም ጊዜ የቀርከሃውን ፍቅፋቂ በእግሩ ሲያንቀሳቅስ ቆየ። ምን ያህል እንደፈለገው እኔ ነኝ የማውቀው፤ ሌሊት በእንቅልፉ ቴሌቪዥን ላይ እንደቀረበ ሰው ሲመሰክር ሰምቻለሁ።

«እንግዲያው እኔን ከነመዝሙሬ አውጣኝ» አለ። «ስሜም አይጠራ።»

ዮናዳብ አለቆቼን ልጠይቅ ብሎ ዘጋ። ከዚያ በኋላ ቢደወልለት ቢደወልለት አላነሣም። ስለዚህ በሦስተኛው እሁድ ምን እንደሚታይ የሚያውቅ አልነበረም።

የዘንገና ሰው ግን ቀኑን ይዟል። ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ እማማ እመቤት፣ አያ ውዱና ሃያ የሚሆን ጎረቤት ቤታችን ደረሱ፤ ያን ዕለት ግቢው ውስጥ የነበሩም፣ ያልነበሩም። ከኛም አጥቢያ አቶ ቢሻው መነጽራቸውን አድርገው መጡ። እማማን ቴሌቪዥኑ ፊት አስቀመጥኋቸው። ዝግጅቱ ሊጀምር ሲል ዋኘው ተነሥቶ መሐል ቆመ። በር ሥር ሲቀመጥ የነበረችው ያቺ አንገት አደፋፍ አልነበረችም። ፊቱ ላብ በላብ ነው፤ እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፍቶታል።

«ካሜራ ፊት እናት የለኝም ብያለሁ» አለ። «ዋሽቼ ነው። ያሳደገችኝ፣ ያበላችኝ፣ ለእኔ ስትል ከአገር የተጣላች እናቴ ይችውና። ትሑት ለመባል ብዬ ካድኋት። አሁን የሚታየውን አላውቅም፤ ከታየም ይህን እያወቃችሁ እዩት።»

ድምፁ አልተንቀጠቀጠም። አቶ ቢሻው መነጽራቸውን አውልቀው ይወለውሉ ጀመር። አያ ውዱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እኛስ ሰምተናል» አሉ፤ «ግን ለማንም አልተናገርንም።» ዘጠኝ ዓመት ገበያ ለገበያ ያወሩ ሰው ይህን አሉ። እኔ ያለቀስሁት እዚህ ላይ ነው።

እማማ ልጃቸውን ከእግር እስከ ራሱ አዩት።

«በል ተቀመጥ ዋኘው፣ ሣጥኑን ጋረድኸው» አሉት። እሱም እግራቸው ሥር መሬት ላይ ተቀመጠ።

ዝግጅቱ ጀመረ። ዋኘው የለበትም። ከሌላ አገር የመጣ ሌላ ዘማሪ፣ ባዶ እግሩን፣ አንድ የሣር ቤት በር ላይ ተቀምጧል። ድምፁ እየተንቀጠቀጠ፣ ማንም የለኝም፣ እናት አባት ሳላውቅ አደግሁ ይላል። ቤቱ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ያለቅስ ጀመር፤ አያ ውዱ ሳይቀሩ በጋቢያቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። እማማ እመቤት ብቻ አላለቀሱም። ወደ ፊት ዘንበል ብለው ቴሌቪዥኑን ዳር ዳሩን፣ ካሜራው የማያሳየውን ይፈልጋሉ።

«ማናየሽ፣» አሉኝ ቀስ ብለው፣ «እናቱን ወዴት አቁመዋት ይሆን?»